እኔን እያለች የምትጥል ልጅ

በገበያ ቀን መካነ ሰላም ላይ ከሁሉ ድምፅ በላይ የሚሰማው የአሻግሬ ድምፅ ነው። ባጃጁ ጣሪያ ላይ ሞንታርቦ አስሮ፣ በአንድ እጁ መሪ በሌላው ማይክ ይዞ፣ ከመናኸሪያው እስከ እህል ተራ በዝግታ ይነዳል። በቅሎ የጠፋበት፣ ልጁን ያላስከተበ፣ የውሃ ተራው የደረሰው፣ ሁሉም ጉዳዩን የሚሰማው ከእሱ ነው። ደግሞ እንዲያው ደረቁን አያወራም። የጠፋችው በቅሎ ብትሆን እንኳ ሁለት ስንኝ ሳይቋጥርላት አያልፍም። ግጥሙን ለመስማት ብሎ በቅሎውን ሆነ ብሎ የፈታ ገበሬ አለ እየተባለ ይወራበታል፤ እሱም ወሬውን አላስተባበለም።

የዚያን ዕለት፣ በጳጉሜ ጭጋግ ውስጥ፣ የያዘው ወሬ ግን የበቅሎ አልነበረም።

"ያልሰማህ ስማ! የሰማህ ላልሰማው አሰማ! የዞኑ የትግል ስፖርቶች ውድድር ሁለት ጊዜ ተቀጥሮ ሁለት ጊዜ ቀርቶ ነበር። አሁን መንገዱም ተከፍቷል፣ ቀኑም ተቆርጧል። መስቀል በዋለ በሳምንቱ፣ እዚሁ እኛው አዳራሽ! ቦክስ አለ፣ ቴኳንዶ አለ፣ ጁዶ አለ! ያሸነፈ ባህር ዳር ይሄዳል፣ ለክልሉ ውድድር! የተሸነፈም አይከፋው፣ እንጀራ የሚያበላው አያጣም!"

እህል ተራ ጥግ ካለው ወፍጮ ቤት ውስጥ አሰጋሽ ከዚህ ሁሉ አንዲት ቃል አልሰማችም። ወፍጮው እየጮኸ እንኳን የባጃጅ፣ የሰማይ ነጎድጓድም አይሰማ። ነገር ግን የመካነ ሰላም መብራት የራሱ ቀልድ አለው፤ ልክ አሻግሬ በሩ ላይ ሲደርስ ድርግም አለ። ወፍጮው አቃስቶ ቆመ። በዚያ ድንገተኛ ጸጥታ ውስጥ የአባቷ ድምፅ በዱቄቱ ጉም መሀል ገባ፦

"ወረኢሉ ስሚ፣ ደጎሎ ንገሪ፣
መጥታለች አሰጋሽ፣ የጆንያ ወርዋሪ።"

ወፍጮ ቤቱን የሞሉት ሴቶች አንድ ላይ ዞረው አዩዋት። አሰጋሽ ያቀፈችውን ጆንያ ይዛ ደርቃ ቀረች።

"ወይ አባዬ!" አለች። "ምነው በቅሎ ጠፍቶ በነበር!"

አሰጋሽ የአሻግሬና የብርሀንነሽ የበኩር ልጅ ናት። አስራ ሁለተኛን ጨርሳ ነጥብ አልመጣ ሲላት ወፍጮ ቤት ገባች፤ ከጥዋት እስከ ማታ የሰው እህል ታነሳለች፣ ትመዝናለች፣ ትፈጫለች። ዱቄቱ ቅንድቧና ሽፋሽፍቷ ላይ ስለሚያርፍ ከሩቅ ላያት ያለ ዕድሜዋ የሸበተች ኮረዳ ትመስላለች፤ ስትስቅ ግን ሽበቱ ይረግፋል። ከደሴ አልፋ ሄዳ አታውቅም። ባህር ዳርን የምታውቀው በዘፈን ነው፤ ወፍጮው ሲጮህ ማንም ስለማይሰማት ጣናን እየጠራች ድምፅዋ እስኪሰነጠቅ ትዘፍናለች። መብራት የሄደ ቀን ታዲያ መሀል ዜማ ላይ ትያዛለች።

ጁዶ የመጣላት በስንዴ ምክንያት ነው። የሁለተኛ ደረጃው የስፖርት መምህር ሙሐሲን አንድ ቀን ስንዴ ሊያስፈጭ መጣ። አሰጋሽ ጆንያውን አንገቱና ወገቡ ላይ ጨበጠች፣ ጀርባዋን ሰጠችው፣ ዳሌዋን ከሥሩ አስገባችና አንከባልላ ሚዛኑ ላይ አስቀመጠችው። ሙሐሲን አፉን ከፈተ።

"በአላህ ድገሚው" አላት።

"ምኑን?"

"አሁን ያደረግሽውን።"

"ሁለተኛ ጆንያ ይዘዋል እንዴ፣ መምህር?"

"የለኝም።"

"እንግዲያው አውርጄ ልድገምልዎ፤ ሒሳቡ ያው ነው" አለችና አወረደችው፤ ደገመችውም። ሙሐሲን ዱቄቱን ረስቶት ሊሄድ ነበር።

በሳምንቱ አሰጋሽ ሙሐሲን ጁዶ የሚያሠለጥንበት አዳራሽ ውስጥ ነበረች። ምንጣፍ ተብሎ የተነጠፈው ጭድ የታጨቀበት ጆንያ ነው፤ ላዩ ላይ ሸራ ተወጥሮበታል። ልብሷ አቡጀዲ ነው፤ ሰፊው ሦስት ድርብ አድርጎ ሰፍቶላታል። እንግዲህ ቀን ዱቄት፣ አመሻሽ አቡጀዲ፤ የሰፈሩ ሰው "ይች ልጅ ነጭ ከለበሰች ላትመለስ ነው፣ ወይ ትመነኩሳለች ወይ ታሸንፋለች" ይላል።

ነገር ግን አንድ ነውር ነበረባት። ነውር ካሉት ነው እንግዲህ።

ሰው ሲደናቀፍ፣ ሕፃን ሲወድቅ፣ ሽማግሌ ጭቃ ላይ ሲንሸራተት "እኔን!" የማይል ሰው የለም፤ አንተን ከሚያገኝህ እኔን ያግኘኝ ማለት ነው። ብርሀንነሽ ግን ከሰው ሁሉ ትብሳለች። ብርጭቆ ሲወድቅባት እኔን ትላለች። የጎረቤት ዶሮ ከአጥር ላይ ስትዘል እኔን ትላለች። አሰጋሽን ጡት ከምታጠባበት ጊዜ ጀምሮ የምታንጎራጉርላት ዜማም ይኸው ነበር፦

"እኔን ለእንቅፋትሽ፣ እኔን ለመውደቅሽ፣
ድንጋዩ ጥጥ ይሁን፣ ጭቃው ሳር ይሁንሽ።"

በዚህ ዜማ ያደገች ልጅ ሰው መጣል ስትማር ምን ትሆናለች? ትጥላለች፤ መጣሉንስ ማንም አይተካከላትም። ተጋጣሚዋ ገና አየር ላይ ሳለች ግን አሰጋሽ "እኔን!" ትላለች፣ እጇ ይከፈታል፣ የያዘችውን እጅጌ ትለቃለች። ከዚያም ጎንበስ ብላ "ተጎዳሽ እንዴ እታለም?" እያለች ልታነሳት እጇን ትሰጣለች። በጁዶ ደግሞ ሕጉ ሌላ ነው። እስከ መሬት ካልተቆጣጠርሽ ሙሉ ነጥብ የለም፤ ትግሉም መሬት ላይ ይቀጥላል፤ ለተጋጣሚ የሰጠሽው እጅ የተጋጣሚ ሲሳይ ነው።

አምና ደሴ ላይ ያገኛትም ይኸው ነው። የወረኢሉዋን ኢልሀምን አሽከርክራ ጣለቻት፤ "እኔን!" ብላ ለቀቀቻት፤ ልታነሳት እጇን ዘረጋች። ኢልሀም እጇን ተቀበለችና ጎትታ በራሷ ላይ አሳልፋ ዘረረቻት። ከዚያም ኢልሀም ራሷ ደንግጣ "እኔን!" አለች። አዳራሹ በሳቅ አለቀሰ። አሰጋሽም ሳቀች። ወደ አገሯ ስትመለስ ግን መኪናው ወረኢሉን አልፎ ደጎሎ እስኪደርስ ያን ሁሉ የገብስ ማሳ በመስኮት እያየች፣ የለቀቀችውን እጅጌ ስታስብ ሄደች።

አሁን ውድድሩ ደጇ ድረስ መጣ። ኢልሀምም እንደምትመጣ ታወቀ። ባህር ዳር የሚሄድ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው።

ሙሐሲን ያልሞከረው መላ የለም። መጀመሪያ ከረሜላ በጥርሷ እንድትይዝ አደረገ፤ "እኔን" ስትል ከረሜላው ዘሎ ወጣ። ቀጥሎ አፏን በውሃ ሞልታ እንድትታገል አዘዘ። የልምምድ ጓደኛዋ ትንሳኤ ናት፤ ቀልደኛ፣ አጭር፣ ድምቡሽቡሽ ያለች የጸጉር ሠሪ ልጅ። አሰጋሽ ትንሳኤን በዳሌዋ አንስታ ወረወረቻት፤ ትንሳኤ መሬት ስትደርስ ያ ሁሉ ውሃ "እፍፍኔን!" ብሎ ከአሰጋሽ አፍ ፈነዳና ፊቷ ላይ ዘነበ።

"ወላሂ፣ ከመውደቁ ጥምቀቱ ባሰብኝ!" አለች ትንሳኤ ፊቷን እየጠረገች። "መምህር፣ ነገ ሳሙና ይዤ ልምጣ?"

"አሰጋሽ" አለ ሙሐሲን፣ ሳቁን ውጦ፤ "ውድድሩ ላይ ተጋጣሚሽ እንግዳሽ አይደለችም።"

"አውቃለሁ መምህር።"

"ታዲያ ለምን ትለቂያታለሽ?"

አሰጋሽ አንገቷን ደፋች። "ጨክነሽ ጣይ ካሉኝ እኮ እጥላለሁ። ግን ከወደቀች በኋላ ምን አድርጋኝ ልጨክን? ባህር ዳር የሚያስሄደው እሱ ከሆነ፣ እኔ ሌላ ሰው ሆኜ ነው የምሄደው። እናቴስ ማንን ነው የምትሸኝ?"

ሙሐሲን "አብሽሪ" ብሏት ፊሽካውን ኪሱ ከተተ።

ብርሀንነሽ አዳራሹን ረግጣው አታውቅም ነበር። "የወለድኳት ልጅ የሰው ልጅ ስታፈርጥ ቆሜ አላይም" ብላ ነበር። ውድድሩ አራት አምስት ቀን ሲቀረው ግን አሰጋሽ ምሳዋን ረስታ ሄደች፤ እናት ደግሞ ልጇ ተርባ ስትውል የምትቋቋምበት አንጀት የላትም። ጭኮ በሳህን ይዛ፣ በብርድ ቀን የሚያነክሳትን ጉልበቷን እየጎተተች፣ በአዳራሹ በር አንገቷን አሰገገች። ልክ ያን ጊዜ አሰጋሽ ትንሳኤን አነሳች፣ አዞረች፣ ለቀቀች። ትንሳኤ ዷ ብላ ወደቀች።

"እኔን!" አሉ እናትና ልጅ እኩል።

ብርሀንነሽ ሳህኑን መሬት አስቀምጣ ከነጫማዋ ሸራው ላይ ወጣች። ሙሐሲን ጫማ እንድታወልቅ ሊነግራት አስቦ ፊቷን ሲያይ ተወው።

"አንቺ! ቆመሽ ነው እንዴ እኔን የምትዪው?" አለች።

"ታዲያ ምን ልበል እማዬ?"

"ማለቱንስ ብለሻል። እኔን ያለ ሰው ቆሞ ያያል እንዴ? አብሮ ይወድቃል እንጂ! ያኔ ልጅ ሳለሽ በክረምት ከወንዙ ድንጋይ ላይ ስትንሸራተቺ፣ እኔ ዳር ቆሜ እኔን እኔን ስል ብውል ኖሮ ዛሬ ወፍጮ ቤቱ ማን ነበረው? ከነቀሚሴ ነው ተከትዬሽ የገባሁት። እጅጌሽን ይዤ፣ ከላይ ተደፍቼብሽ፣ ውሃው በእኔ ላይ እንዲያልፍ። ይሄ ጉልበቴ የዚያን ቀን ነው የተሰበረው፤ አንቺ ግን አንዲት ጥፍርሽ አልተነካችም።" ወደ ትንሳኤ ዞረች። "ተመልከቻት፣ ይቺን የሰው ልጅ በአየር ለቀሽ ጭንቅላቷ ቢመታስ? ያነሳሻትን ሰው እስከ መሬት አድርሺ! ወሬ ብቻ!"

ትንሳኤ እንደተጋደመች እጇን አወጣች። "እትዬ ብርሀንነሽ፣ እስከ ዛሬ የት ነበሩ?"

ሙሐሲን ቀስ ብሎ ተጠጋ። "እትዬ፣ በአላህ ይድገሙልኝ።"

"ምኑን?"

"የመጨረሻውን። ያነሳሻትን የሚለውን።"

"ይሄ ሰውዬ ሁልጊዜ ድገሙ ነው" አለች አሰጋሽ፤ ዐይኗ ግን እንባ አቅርሮ ነበር።

ሙሐሲን ያን ቀን ያስተማረው አዲስ ነገር አልነበረም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ የለፈፈውን ነው። እጅጌ የሚያዘው የምትወድቀው ልጅ ጭንቅላቷን እንዳትመታ ነው ሲል ነበር፤ መሬት ላይ የሚያዘው ደግሞ ደረት በደረት ተደፍቶ፣ ክንድን አንገት ሥር አስገብቶ ነው ሲል ነበር። አሁን ግን የመጽሐፉን ቋንቋ ተወውና "አሰጋሽ፣ ወንዙ መጣ! ትንሳኤ ወደቀች!" ብሎ ጮኸ። አሰጋሽም እጅጌውን ይዛ አብራ ወረደች። ትንሳኤ መሬቱን እንደ ትራስ ነካችው፤ ከላይዋ ደግሞ ያ ሁሉ አቡጀዲ ተደፋባት። ብትፈራገጥ፣ ብትገለባበጥ፣ ወይ ፍንክች።

"ሰላም ነው?" አለቻት አሰጋሽ በጆሮዋ።

"ምቾቱ ገደለኝ" አለች ትንሳኤ።

የውድድሩ ቀን ወረኢሉዎች በሁለት ቅጥቅጥ እየጨፈሩ ገቡ። ሜዳው ዳር አደይ አበባ ገና አልጠወለገም፤ የመስከረም መጨረሻ ዝናብ ደግሞ መንገዱን አጨማልቆታል። አዳራሹ ከበር እስከ መስኮት ሞላ፤ መጅሊስም ማኅበርም የሚያገናኛቸው ሽማግሌዎች ፊት ለፊት ተቀመጡ። ማይኩን የያዘው አሻግሬ ነው። አዘጋጆቹ ግን አስምለውታል፦ ስም ይጠራል፣ ውጤት ይናገራል፣ ግጥም ክልክል ነው። አባት ነውና ያዳላል ብለው።

ክልከላው ለወረኢሉዎች አልደረሳቸውም። አሰጋሽ ወደ ምንጣፉ ስትወጣ አንድ ረጅም የበግ ነጋዴ አግዳሚ ላይ ቆሞ አወረደው፦

"መካነ ሰላም ላይ ትግሉ ደስ ይላል፣
የጣለው ሰው ራሱ እኔን እኔን ይላል።"

አዳራሹ ተንጫጫ። አሻግሬ ማይኩን በሁለት እጁ አንቆ ያዘው። "ግጥም የለም ተብሏል" አለ በሞንታርቦው፤ በሕይወቱ ከተናገረው ሁሉ የከበደው ይህ ነበር።

ኢልሀም ቀጭን፣ ፈጣን፣ ዐይኗ የማያርፍ ልጅ ናት። እጅ ሲነሳሱ ፈገግ አለች። "አሰጋሽዬ፣ ዘንድሮም ታነሺኛለሽ አይደል?"

"እናቴ እንዳትሰማሽ" አለቻት አሰጋሽ።

ዳኛው ጀምሩ አለ። ኢልሀም እንደ ነፋስ ገባች፤ አሰጋሽ ገና ኮሌታዋን ሳትጨብጥ እግሯን ጠልፋ በጎኗ ጣለቻት። ግማሽ ነጥብ። ሌላ ግማሽ ከተጨመረ ባህር ዳር ወረኢሉ ሄደች ማለት ነው። ከሕዝቡ መሀል የብርሀንነሽ "እኔን!" ተሰማ።

አሰጋሽ ተነሳች። ልቧ እንደ ወፍጮው ይጮኻል፤ ሌላ ድምፅ አልሰማ አላት። ኢልሀም ዳግመኛ ስትመጣ ግን አሰጋሽ ያወቀችው ነገር መጣ፦ ክብደት። ወደ ፊት የመጣ ክብደት ስንዴም ይሁን ሰው ያው ነው። አንገቱና ወገቡ ላይ ጨበጠችው፣ ጀርባዋን ሰጠችው፣ ዳሌዋን አስገባች። ኢልሀም ከመሬት ተነሳች፤ ነጠላ እንደሚዘረጋ አየር ላይ ተዘረጋች።

እዚያ ላይ፣ በዚያች ቅጽበት፣ አሰጋሽ እንደ ልማዷ "እኔን!" አለች። መላው መካነ ሰላም ፊቱን ሸፈነ። እጇ ግን አልተከፈተም። እጅጌውን ይዛ አብራት ወረደች። ኢልሀም በጎኗ አረፈች፤ ጭንቅላቷ ምንጣፉን እንኳ አልነካም። አሰጋሽ ክንዷን በኢልሀም አንገት ሥር አስገብታ፣ ደረቷን ደርባ፣ በረዶ ሲወርድ ልጇን እንደምትከልል እናት ተደፋችባት።

ዳኛው ግማሽ ነጥብ አለና ደግሞ እጁን ወደ ታች ዘረጋ፤ ሰዓቱ መቁጠር ጀመረ፤ ደወሉ እስኪጮህ ከያዘቻት ሌላው ግማሽ ይጨመርላታል።

ኢልሀም ተፈራገጠች፣ ወገቧን አንስታ ድልድይ ሆነች፣ ተጠማዘዘች።

"እኔን፣ እኔን" ትላታለች አሰጋሽ በጆሮዋ፣ ይበልጥ እየጠበቀች።

"በአላህ፣ ወይ ልቀቂኝ ወይ እኔን አትበይኝ!" አለች ኢልሀም ከሥር። ትግሉ መሀል ሳቅ ያዛት። የሚስቅ ሰው ደግሞ ጉልበት የለውም። ደወሉ ጮኸ፤ ዳኛው እጁን ወደ ላይ አነሳ።

አሰጋሽ ያን ጊዜ ብቻ ለቀቀች። ተነስታም እጇን ሰጠቻት፤ ኢልሀም በጥርጣሬ አይታ ተቀበለቻት፤ ተቃቀፉ።

አሻግሬ ውጤቱን ሊናገር ማይኩን አነሳ። "በጁዶ..." አለ። "በጁዶ አሸናፊ..." ድምፁ ተሰበረ። መሐላውን አሰበ፤ አዘጋጆቹን አየ፤ አዘጋጆቹ ራሳቸው ቆመው ያጨበጭባሉ። ከዚያ በኋላማ ማን ይያዘው፦

"ቆሞ እኔን ማለት ለአፍ ብቻ ነውና፣
አብራት ወደቀችላት፣ እጅጌዋን ይዛና!"

የበግ ነጋዴው ራሱ እልል አለ።

ብርሀንነሽ ኢልሀምን ሳታበላ አልሸኝም ብላ ቤት ወስዳ ጭኮ አቀረበችላት፤ የወንዙንም ታሪክ ከነጉልበቷ ነገረቻት። "ለካ የተሸነፍኩት በእርስዎ ነው" አለች ኢልሀም እየጎረሰች። "ማሻአላህ፤ ሌላ ጊዜ እርስዎም ይመዘኑ።" ባህር ዳር ስትደርስ ከጣና ዳር ፎቶ እንድትልክላት አሰጋሽን አስማለቻት፤ አሰጋሽ ደግሞ የኢልሀምን የእግር ጠለፋ ሳትማር እንደማትሄድ ነገረቻት። በየሳምንቱ ደጎሎ ላይ ሊገናኙ ተቀጣጠሩ፤ ለሁለቱም መሀል መንገድ ነው።

አመሻሹ ላይ መናኸሪያው ጭቃ ሆኖ ነበር። ቅጥቅጡ ሞተሩ ተነስቶ እየተርገፈገፈ ኢልሀም ቦርሳዋን አንግታ ደረጃው ላይ እግሯን ስታነሳ አዳለጣት፤ ጭቃው ውስጥ ቁጭ አለች።

"እኔን!" አለ መናኸሪያው በሙሉ፤ ሹፌሩ፣ ረዳቱ፣ ቆሎ ሻጯ፣ የበግ ነጋዴው። ከሁሉ በላይ የጮኸችው ማዶ ቆማ ትሸኝ የነበረችው አሰጋሽ ናት።

ኢልሀም ጭቃ ውስጥ እንደተቀመጠች ቀና ብላ አየቻት። "ቆመሽ ነው?" አለች።

አሰጋሽ ሮጠች። ልትደርስላት ትንሽ ሲቀራት ያው ጭቃ እሷንም አዳለጣት፤ የኢልሀምን እጅጌ ለመያዝ ብቻ ደርሳ አጠገቧ ቁጭ አለች። ሁለቱም ነጭ የለበሱ ነበሩ፤ ነበሩ ነው እንግዲህ። እርስ በርስ ተያይተው ሳቁ፣ መነሳት እስኪያቅታቸው ሳቁ፤ ሹፌሩ ጥሩምባውን ቢያስጮህ ማን ሰምቶት።

ከመናኸሪያው በር ላይ "እኔን! እኔን ልጆቼን!" የሚል ድምፅ ተሰማ። ብርሀንነሽ ቀሚሷን ሰብስባ እየሮጠች ነበር።